ካቴናው ሰማይ ይይ፦ የልጆች ብስክሌት ማርሽ እንዴት ይሰበራል? እንዴትስ ይተርፋል?

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ብስክሌት፣ ደሴ ሰፈራችን ካለው የኮብልስቶን ዳገት መሃል ድንገት «ቀጭ!» ብሎ ቆመ። ሄደን ስናየው የኋላው ማርሽ ከነካቴናው ተጠማዞ ጎማው ሽቦዎች መሃል ተሰንቅሯል። ሦስት ሽቦ ተበጥሷል፤ ማርሹን የያዘችው ብረትም ተቀንጥሳለች። ብስክሌቱ ለአረፋ ከተገዛለት ገና ሁለት ወሩ ነው። እህቴ «የዘንድሮ ዕቃ እኮ!» ብላ ደመደመች፤ እኔ ደግሞ «ማርሹን ዝም ብሎ ሲያንቋቋው ነው» ብዬ ልጁን ተቆጣሁት።

የወሰድንለት ብስክሌት ሠሪ ከሁለታችን ጋር ብዙም አላወራ። ብስክሌቱን ከኋላ በኩል አጎንብሶ አየና ልጁን ጠራው።

«ና እስቲ የኔ ጌታ። መቼ ነው በቀኝ በኩል የወደቀብህ?»

ልጁ መሬት መሬት እያየ፣ «ትናንትና» አለ። «ግን ጋሼ፣ ከዛ በኋላ ስነዳው ምንም አልሆነም ነበር።»

«አብሽር፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም» አለውና ለእኛ ያስረዳን ጀመር። እኔም ያን ቀን የሰማሁትን፣ ከዚያም ወዲህ በራሴ እጅ እየፈታሁና እየገጠምኩ ያየሁትን ነው እዚህ የማሰፍረው። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ የልጅ ብስክሌት ማርሽ ሁለት ክፉ ቀን አለው፤ አንዱ የሚጎብጥበት፣ ሌላው የሚሰበርበት። ወላጅ ማርሹን ማዳን የሚችለው በሁለቱ ቀኖች መካከል ነው።

የተንጠለጠለው ክንድ

ብስክሌቱን በቀኝ በኩል ቆማችሁ የኋላ ጎማውን እዩት። ዘንጉ ላይ ከትንሽ እስከ ትልቅ የተደረደሩ ጥርሶች አሉ። በልጆች ብስክሌት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ወይም ሰባት ናቸው። ትንሹ ጥርስ ወደ ውጭ ነው፤ ትልቁ ከጎማው ሽቦዎች አጠገብ። ከጥርሶቹ ሥር፣ ሁለት ትናንሽ ጥርሳም ጎማዎች ያሉት ክንድ ተንጠልጥሏል፤ ካቴናው በነሱ መሃል እንደ እባብ ተጠማዞ ያልፋል። ማርሽ ቀያሪው እሱ ነው። ሰው በደፈናው «ማርሹ» ይለዋል፤ እኔም እንደዚያው እላለሁ።

መሪው ላይ ያለውን መቀየሪያ ስንጠመዝዘው ቀጭን ካቦ ይሳባል፤ ማርሹም ካቴናውን ገፍቶ ወደ ትልልቆቹ ጥርሶች ያሻግረዋል። ካቦው ሲላላ ደግሞ፣ በአብዛኞቹ ላይ፣ ውስጡ ያለው ሞላ ወደ ትንሹ ጥርስ ይመልሰዋል። ሌላም ሥራ አለው። ትልቅ ጥርስ ብዙ ካቴና ይጠቀልላል፣ ትንሹ ጥቂት። የሚተርፈውን ልል ካቴና ያ ክንድ ወደ ኋላ እየሳበ ይሰበስበዋል። ለዚህም ነው እንዲያ ረዝሞ ወደ ታች የወረደው፤ ለዚህም ነው የመጀመሪያው ተመቺ የሚሆነው።

ጥቅሙን በቁጥር ማየት ይቻላል። ፊት 36 ጥርስ፣ ኋላ ከ14 እስከ 28 ጥርስ ያለው ባለ 20 ኢንች ብስክሌት እንውሰድ። የጎማው ዙሪያ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ካቴናው ኋላ ትንሹ ጥርስ ላይ ሲሆን፣ ፔዳሉ አንድ ጊዜ በዞረ ቁጥር ብስክሌቱ ወደ አራት ሜትር ይሄዳል። ትልቁ ላይ ሲሆን ግን ሁለት ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ መንገዱ በግማሽ ሲያጥር ድካሙም በግማሽ ይቀላል። ከጦሳ ተራራ ሥር ለሚያድግ ልጅ ይህ ቅንጦት አይደለም። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ግን ሌላ ወሬ ነው፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ዋናዋ ቁራጭ። ማርሹ የተሰቀለው በአንድ ብሎን ነው። ብሎኑ የገባው ግን በአብዛኛው በቀጥታ ፍሬሙ ውስጥ ሳይሆን፣ ከጣት ብዙም የማትረዝም ጠፍጣፋ ብረት ውስጥ ነው። መስቀያ እንበላት። ርካሽ ብስክሌቶች ላይ ከኋላ ጎማው ዳዶ ሥር ገብታ የምትጠበቅ የብረት ላሜራ ናት። ሻል ያሉት ላይ በትናንሽ ብሎኖች የታሰረች አሉሚኒየም ናት። በአንዳንድ የብረት ፍሬሞች ላይ ደግሞ ከፍሬሙ ጋር አንድ ሆና የተሠራች አለች።

አሉሚኒየሟ መስቀያ የተሠራችው አውቀው ደካማ አድርገዋት ነው። ከባድ ምት ሲመጣ እሷ ትጎብጥና ፍሬሙ ይተርፋል። ቆጣሪው አጠገብ ያለው ፊውዝ ተቃጥሎ የቤቱን የመብራት መስመር እንደሚያተርፈው ማለት ነው። አንድ ልዩነት ግን አለ፣ ጣጣውም እዚያ ላይ ነው። ፊውዝ ሲቃጠል ቤቱ ይጨልማል፤ ሁሉም ያውቃል። መስቀያዋ ስትጎብጥ ግን ብስክሌቱ ምንም እንዳልሆነ መሄዱን ይቀጥላል።

አጥሩ ከነካስማው ሲሄድ

ማርሹ ላይ ሁለት ትናንሽ ብሎኖች ጎን ለጎን ታገኛላችሁ። ብዙዎቹ ላይ ኤች እና ኤል የሚሉ የእንግሊዝኛ ፊደላት ተቀርጸዋል። ኤች የተባለው ካቴናው ትንሹን ጥርስ አልፎ በውጭ በኩል እንዳይወድቅ ይከለክላል። ኤል የተባለው ትልቁን ጥርስ አልፎ ሽቦው ውስጥ እንዳይገባ ይከለክላል። ድንበር ጠባቂዎች ናቸው። ብስክሌቱ ሲገጣጠም አንዴ በካቻቪቴ ይስተካከላሉ፤ ከዚያ ወዲያ የሚነካቸው የለም፤ ባይነኩም ይመረጣል።

እነዚህ ብሎኖች ግን ድንበሩን የሚለኩት ከመስቀያዋ ተነስተው ነው። ብስክሌቱ በቀኝ በኩል ወድቆ መስቀያዋ ወደ ውስጥ ካዘነበለች፣ ድንበሩም አብሯት ወደ ውስጥ ይገባል። አጥሩ አልፈረሰም፤ ከነካስማው ተነቅሎ ጎረቤት ግቢ ገብቶ ቆሟል።

ምን ያህል ማዘንበል ነው የሚያሰጋው? ባለ ሰባት ጥርስ ብስክሌት ላይ ከአንዱ ጥርስ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የማርሹ የታችኛው ጫፍ ከመስቀያዋ 15 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ፣ ላይ የተፈጠረች የሁለት ዲግሪ ማዘንበል ታች ስትደርስ 5 ሚሊ ሜትር ትሆናለች። ሁለት ዲግሪ ማለት ዓይን ችላ የሚላት ነገር ናት። ግድግዳ ላይ ያለ ሥዕል ያን ያህል ቢያዘነብል ልብ የሚለው ጥንቁቅ ሰው ብቻ ነው።

ታዲያ ለምን ያንኑ ዕለት አይሰበርም? ልጁ ወድቆ ሲነሳ ጉልበቱን አራግፎ፣ በመካከለኛው ጥርስ ሜዳ ሜዳውን ይነዳል። በዚያ ጥርስ ላይ ማርሹ ከሽቦው ሩቅ ነው። አልፎ አልፎ «ትክ ትክ» ቢል ነው። በማግስቱ ዳገት ይመጣል፤ ልጁም እንደተማረው ትልቁን ጥርስ ይመርጣል። ማርሹ ትናንት ሊያልፈው የማይችለውን ቦታ ዛሬ ያልፋል፣ የክንዱ ጫፍ ከሚዞረው ሽቦ ጋር ይያዛል፣ ጎማው ወደ ላይ ይዞት ይነሳል። ስብራቱ አንድ የጎማ ዙር እንኳ አይፈጅም። ጥሩ ልጅ ስለሆነ፣ የተባለውን ስላደረገ ተሰበረ። ስድቤን ሳስታውስ የሚቆጨኝ ለዚህ ነው።

ገንዘቡን ተዉት። ማርሹ ሽቦ ውስጥ ሲሰነቀር የኋላ ጎማው እዚያው ይቆልፋል። ዳገት ላይ ቀስ ብሎ እየወጣ ከሆነ ልጁ ይንገዳገዳል፤ በፍጥነት እየሄደ ከሆነ ግን መጣሉ አይቀርም።

ከወደቀ በኋላ

ልጄ ወድቆ መጣ እንበል። ልጁን አይታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ፣ ብስክሌቱን ሁለት ደቂቃ እዩት።

ከብስክሌቱ በስተኋላ ቁጢጥ በሉና ዓይናችሁን በጎማው ዘንግ ልክ አድርጉ። ሁለቱ ትናንሽ ጥርሳም ጎማዎች አንዱ ከሌላው በታች ሆነው ቀጥ ብለው መውረድ አለባቸው፤ ከላያቸው ካለው ጥርስ ጋርም መስመር መያዝ አለባቸው። በኋላ ጎማው ጠርዝና በማርሹ ክንድ መካከል ያለው ክፍተት ላይም ታችም እኩል ይሁን። የክንዱ ታችኛው ጫፍ ወደ ሽቦዎቹ ካዘነበለ መስቀያዋ ጎብጣለች። ዓይናችሁን ካላመናችሁት የሌላ ልጅ ደህና ብስክሌት አጠገቡ አቁማችሁ አወዳድሩ።

ከዚያ አንድ ሰው በኮርቻው ይዞ የኋላ ጎማውን ያንሳ። ፔዳሉን በእጃችሁ ቀስ እያላችሁ እያዞራችሁ፣ ማርሹን አንድ አንድ ጥርስ ወደ ትልቁ አውጡት። የመጨረሻዋ ላይ ስትደርሱ እንደ ቀንድ አውጣ ሁኑ። ክንዱ ከሽቦው ጋር ሲነካካ ድምፁን ትሰማላችሁ። ሰማችሁ? በቃ፣ እዚያው አቁሙና ወደ ሠሪ።

ልጁ ራሱ ማወቅ ያለበት ሕግ አንድ ነው፦ ብስክሌቱ በቀኝ በኩል ከወደቀ፣ ትልቅ ሰው ሳያየው ትልቁ ጥርስ ክልክል ነው። የእህቴ ልጅ ይህን አሁን ለሰፈሩ ልጆች በሙሉ ይሰብካል፤ ከኔ ይልቅ እሱን ይሰሙታል።

መስቀያዋን ማቅናት ይቻላል ወይ? የብረቷ ላሜራ ትቀናለች፣ ደግማም ትቀናለች። አሉሚኒየሟ ግን አንዴ ብትቀና ነው፤ ስትመላለስ ውስጧ ይሰነጠቅና ዳቦ እንደመቁረስ ትቀነጠሳለች። ቀለሟ የተሰነጣጠቀ ወይም የብሎን ቀዳዳዋ ሞላላ የሆነ ከሆነ ለማቅናት አትድከሙ። ስታቀኑ ማርሹን ራሱን ይዛችሁ አትጎትቱ፤ ማርሹ ከመስቀያዋ ይልቅ ብዙ መጋጠሚያ ስላለው ቀድሞ የሚጣመመው እሱ ነው። በመዶሻ መምታትም የታላቅ ወንድሞች ዘዴ ነው፤ ውጤቱንም አይቻለሁ።

ሠሪው ጋ ያየሁት ዘዴ ግን ደስ ይላል። ማርሹን ከመስቀያዋ ይፈታዋል። ከሌላ ብስክሌት የተፈታ የኋላ ጎማ ያመጣና፣ የዘንጉን ጫፍ ማርሹ በነበረበት ቀዳዳ ውስጥ እንደ ብሎን ያስገባዋል። የመስቀያ ቀዳዳ ባለ 10 ሚሊ ሜትር ጥርስ ነው፤ የብዙ ብስክሌቶች የኋላ ዘንግም እንዲሁ። አሁን ሁለት ጎማ ጎን ለጎን ቆመ። በመካከላቸው ያለውን ርቀት ከላይ፣ ከታች፣ ከፊት፣ ከኋላ በማስመሪያ እየለካ፣ እኩል እስኪሆን ትርፉን ጎማ ቀስ አድርጎ ይገፋል። ጎማው ትልቅ ስለሆነ ትንሿ ጉብጠት እንኳ ጠርዙ ላይ ትጋለጣለች። ውድ መሣሪያ የሚሠራውን ሥራ አንድ አሮጌ ጎማ ሠራው። ብትሞክሩት አንድ ጥንቃቄ አለ፦ የአንዳንድ ዘንግ ጥርስ በጥቂቱ ይለያል። በጣት ብቻ ተዞሮ የማይገባ ከሆነ አታስገድዱት፤ የቀዳዳውን ጥርስ ትበሉታላችሁ።

አዲስ መስቀያ ስትገዙ የተሰበረችውን ይዛችሁ ሂዱ። አሉሚኒየሞቹ በቅርጽ እጅግ ብዙ ዓይነት ናቸው፤ በስልክ «የብስክሌት መስቀያ ላኩልኝ» ማለት «የቁም ሳጥን ቁልፍ ላኩልኝ» እንደማለት ነው። ከዳዶ ሥር የምትገባዋ ላሜራ ግን ብዙዎቹን ታገለግላለች። የምትስማማውን ስታገኙ ሁለት ግዙ፤ አንዷን እቤት።

ሳይወድቅ በፊት

የርዕሱ ነገር እዚህ ጋ ነው። ልጅ ብስክሌቱን አስተኝቶ ኳስ ሊጫወት ይሮጣል፤ ይህን ማስቆም አይቻልም። የሚቻለው በየትኛው ጎን እንደሚያስተኛው ማስለመድ ነው። ካቴናው ያለበት ጎን ወደ ላይ፣ በግራው ጎን ይተኛ። «ካቴናው ሰማይ ይይ» እንላለን እኛ ቤት። ማቆሚያ እግሩም ግራ በኩል የሆነው ብስክሌቱ ወደ ግራ እንዲያዘነብል ነው። ዳገት ላይ ግን በማቆሚያ እግር አትመኑ፤ ደሴ ውስጥ ደግሞ ዳገት ያልሆነ ቦታ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። የፊት ጎማውን ወደ ላይ አዙሮ ግድግዳ ማስደገፍ ይሻላል።

ባለ 20 ኢንች ብስክሌት ላይ ዘንጉ ከመሬት 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው ከፍ የሚለው። ማርሹ ከዚያ ላይ ከግማሽ በላይ ወርዶ ይንጠለጠላል። አዋቂ ሰው የሚነዳው ብስክሌት በደህና የሚያልፈውን የኮብልስቶን ጠርዝ፣ የልጁ ማርሽ ሊገጨው ይችላል። ረጅም ሣር፣ የተጣለ ገመድ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ፌስታል! ፌስታል በነዚያ ትናንሽ ጥርሳም ጎማዎች ላይ ሲጠመጠም ማርሹን ወደ ኋላና ወደ ላይ ይጎትተዋል። ልጁ ፔዳሉ ከበደኝ ሲል «በርታ» አትበሉት፤ ውረድና እይ በሉት።

ማርሹን የሚከልል የብረት ቅስት አለ፤ ከዘንጉ ዳዶ ሥር ገብቶ ማርሹን በውጭ በኩል ከቦ የሚሄድ። ለትናንሽ ብስክሌቶች እኔ እደግፈዋለሁ። ብረት ቤት ከቀጭን ዘንግ ሊያጎብጡላችሁ ይችላሉ፤ ጫፉ ላይ ለዘንጉ ቀዳዳ ያለው ጠፍጣፋ ብረት ይበየድበት። ፍሬሙ ላይ አታስበይዱ፤ ቅስቱ ሲጎዳ የሚፈታ መሆን አለበት። በቅስቱና በማርሹ መሃል ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት ይኑር፤ ከተጠጋ ሲወድቅ ማርሹን ራሱ ቅስቱ ገፍቶ ወደ ሽቦው ይከተዋል፤ ያኔ ጠባቂው አጥቂ ሆነ ማለት ነው። ከትልቁ ጥርስ ጀርባ ያለውንም ክብ ፕላስቲክ አታስነቅሉት። ትልልቆቹ ልጆች «ያስቀይማል» ይላሉ። ያስቀይም! ካቴናው ትልቁን ጥርስ አልፎ ቢወድቅ ሽቦዎቹን የሚያድነው እሱ ነው።

ስለ ጉዞም ልናገር። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ መንገዱ ግን በሐረጎ በኩል እየተጠማዘዘ ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳል። ብስክሌት በሚኒባስ ፖርቶ መጋላ ላይ ተጭኖ ይህን መንገድ ሲወርድ፣ በየመጠማዘዣው የሚገፋው ከረጢት አለ፣ የሚጠብቅ ገመድ አለ። ከመጫኑ በፊት፣ ማርሹ ቀጥ ያለ ከሆነ፣ ካቴናውን ትልቁ ጥርስ ላይ አውጡት፤ ያኔ ማርሹ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል። ትንሹ ጥርስ ላይ ከተዋችሁት ወደ ውጭ እንደ ክርን ወጥቶ ምት ይጠብቃል። በግራ ጎኑ ይተኛ፣ ከላዩ ምንም አይጫን፣ ገመዱም በፍሬሙ እንጂ በማርሹ አይለፍ። ረዳቱ «ግድ የለም፣ አይነካም» ቢላችሁም ወጥታችሁ እዩት።

የልጅ ክብደትና የካቴና ጉልበት

ልጆች ማርሽ የሚቀይሩት ዳገቱ ሲያቅታቸው ነው። ይህ ልክ የተሳሳተው ሰዓት ነው። 30 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ከኮርቻው ተነስቶ በአንድ እግሩ ፔዳሉ ላይ ሲቆም፣ የፔዳሉ ክንድ 14 ሴንቲ ሜትር፣ የፊት ጥርሱም 36 ከሆነ፣ ካቴናው ላይ የሚያርፈው መሳብ ወደ 58 ኪሎ ይጠጋል። ክንዱ ከጥርሱ ራዲየስ ሁለት እጥፍ ገደማ ስለሚረዝም ክብደቱ ይባዛል። በዚያ ኃይል የተወጠረ ካቴና ወደ ጎን ሲገፋ ወይ እምቢ ይላል፣ ወይ በጉልበት ይዘላል። ጥርስ የሚጎዳው፣ የካቴና ዓይን የሚከፈተውም ያኔ ነው።

መፍትሔው ዳገቱን ሳይጀምሩ መቀየር ነው። ረስቶት መሃል ላይ ከደረሰ ደግሞ፣ ሁለት ጊዜ ጠንከር አድርጎ ረግጦ ፍጥነት ይያዝ፤ ከዚያ እግሩን ለግማሽ ዙር አለስልሶ፣ ፔዳሉ ግን ሳይቆም፣ ይቀይር። ብስክሌቱ ቆሞ ሳለ መቀየሪያውን መጠምዘዝ ዋጋ የለውም፤ ማርሹ ካቴናውን ማሻገር የሚችለው ካቴናው ወደ ፊት ሲሄድ ብቻ ነው። በቆመበት የተጠመዘዘው ሁሉ ተጠራቅሞ በመጀመሪያው ርግጫ ላይ በአንዴ ይፈነዳል። ፔዳልን ወደ ኋላ እያሽከረከሩ መቀየርም እንዲሁ። ለልጅ ስታስረዱ «ማርሹ እየሄደ ነው የሚበላው፣ ቆሞ አይበላም» በሉት፤ ይገባዋል።

ዝናብ፣ አቧራ፣ ዘይት

ትምህርት ቤት የሚዘጋው ክረምት ነው፤ ደሴ ላይ ዝናቡ የሚብሰውም ክረምት ነው። ስለዚህ ልጆች ብስክሌት በብዛት የሚነዱበት ጊዜ ማርሽ በጣም የሚሠቃይበት ጊዜ ሆኖ ያርፋል። ጭቃ የነካውን ብስክሌት ላቫጆ አትውሰዱት። የዚያ ቧንቧ ግፊት ውሃውን ከግራሶው አሳልፎ ኩሽኔታው ድረስ ያስገባዋል። ባልዲ፣ የሳሙና ውሃና ያረጀ የጥርስ ብሩሽ ይበቃሉ። ካጠባችሁ በኋላ በጨርቅ አድርቁት።

ዘይት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ግራሶ ካቴና ላይ መለቅለቅ ጥበቃ ይመስላል፤ ከአቧራ ጋር ሲደባለቅ ግን የብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። ከሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይትም ጥላሸትና የብረት ብናኝ ይዞ ይመጣል። የምግብ ዘይት ውሎ ሲያድር እንደ ሙጫ ይደርቃል። ለካቴና የተሠራ ዘይት ካላገኛችሁ ቀጭን የስፌት መኪና ዘይት ይሻላል፤ ዝናብ ቶሎ ስለሚያጥበው ደጋግሞ መቀባት ይጠይቃል እንጂ። በእያንዳንዱ የካቴና መጋጠሚያ አንዳንድ ጠብታ፣ ፔዳሉን ጥቂት አዙሮ መቆየት፣ ከዚያ ከውጭ ያለውን ሁሉ በጨርቅ መጥረግ። ጥቅም የሚሰጠው ዘይት ውስጥ የገባው ነው፤ ውጭ የቀረው አቧራ ጋባዥ ነው።

ካቴና ማለቁን በማስመሪያ ማወቅ ትችላላችሁ። በአዲስ ካቴና ላይ ከአንድ ፒን ተነስታችሁ 24 ዓይን ብትቆጥሩ 30.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። 30.7 ካለፈ ቀይሩት፤ ያለቀ ካቴና ጥርሶቹንም በራሱ ልክ ይበላቸዋል፣ ያኔ ሁለቱም ተያይዘው ይገዛሉ።

ማርሹ ወደ ትልቁ ጥርስ ለመውጣት ካመነታ፣ መስቀያዋም ቀጥ ያለች ከሆነ፣ ጥፋቱ የካቦው መላላት ሊሆን ይችላል። አዲስ ብስክሌት ላይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተለመደ ነው። ካቦው ማርሹ ውስጥ በሚገባበት ቦታ ወይም መቀየሪያው አጠገብ በጣት የሚዞር ማስተካከያ አለ፤ ከኋላው ሆናችሁ እያያችሁ በሰዓት አቅጣጫ ተቃራኒ ሩብ ዙር ሞክሩ፣ ካልበቃ ሌላ ሩብ። ለዚህ ችግር ብላችሁ ኤልን አትንኩ። ካቦ የላላበትን ብስክሌት ድንበሩን በማስፋት ያስተካከለ ሰው፣ ካቦው የተወጠረ ዕለት ማርሹን ሽቦ ውስጥ ያገኘዋል።

ማርሽ ሁሉም ልጅ ያስፈልገዋል?

እኔ ሰባት ዓመት ላልሞላው ልጅ ማርሽ ያለው ብስክሌት አልገዛም። እጁ መቀየሪያውን ለመጠምዘዝ ገና ነው፤ ሚዛኑን፣ ፍሬኑንና መንገዱን ማየት ይበቃዋል። በልጅነቴ በየደቂቃው እየከፈልኩ የተከራየኋቸው ብስክሌቶች አንዳቸውም ማርሽ አልነበራቸውም። ማርሽ ስለሌለው የሚያፍር ካለ ደግሞ ይህን ይስማ፦ የዓለም ትልቁ የብስክሌት ውድድር የሆነው ቱር ደ ፍራንስ፣ እ.ኤ.አ. በ1903 ተጀምሮ፣ እንዲህ ያለውን ማርሽ ለተወዳዳሪዎቹ የፈቀደው በ1937 ነው። ከዚያ በፊት ተወዳዳሪው ዳገት ሥር ሲደርስ ወርዶ፣ የኋላ ጎማውን ፈትቶ፣ ገልብጦ በሌላኛው ጎን ባለው ጥርስ ይገጥመው ነበር።

ኮምቦልቻ የሚኖረው ወንድሜ የሴት ልጁ ብስክሌት መስቀያ ለሁለተኛ ጊዜ ስትሰበር ማርሹን መልሶ አልሰቀለም። ሰፈራቸው ለጥ ያለ ነው፤ ልጅቷም ከመካከለኛው ጥርስ ወጥታ አታውቅም። ማርሹን አስፈታና ካቴናውን አሳጥሮ በአንድ ጥርስ አስገጠመው። ይህ በሁሉም ብስክሌት ላይ አይሆንም። ዘንጉ የሚገባበት የፍሬሙ ስንጥቅ ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት የተኛ ከሆነ ጎማውን ወደ ኋላ ስቦ ካቴናውን መወጠር ይቻላል፤ ስንጥቁ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚሄድ ከሆነ ግን የሚወጥረው ነገር ስለሌለ ካቴናው ይወድቃል። ተወጥሮ ሲያልቅ መሃሉ ላይ በጣት ሲነኩት ወደ ላይና ወደ ታች አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል መንቀሳቀስ አለበት። እንደ ክራር ክር ከተወጠረ ኩሽኔታውን ይበላል።

ያስፈታውን ማርሽ አልጣለውም። አጥቦ፣ ዘይት ቀብቶ፣ ከአዲሷ መስቀያ ጋር በፌስታል ጠቅልሎ ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀምጦታል፤ ልጅቷ ክረምቱን እኛ ጋ ደሴ ስትመጣ መልሶ ሊገጥምላት።